የስምንት ቁጥሯ ስርጉድ

ጋሽ ስምንት ጫማቸውን አስወልውለው ከመጡ አንድ ነገር አበላሽተዋል ማለት ነው። የእህታቸው ልጅ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት አጎቷ የጋራዧን በር ገፋ አድርገው ሲገቡ ፊታቸውን ትታ በቀጥታ ወደ እግራቸው አየች። ጫማው ያብረቀርቃል።

«ደህና አደርሽ የኔ ልጅ» አሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ እያስቀመጡ። «እንዲያው በዚህ ሳልፍ ልይሽ ብዬ ነው።»

«ጋሼ፣ ምን አጠፋህ?»

«ምን አጠፋለሁ? በዚህ ዕድሜ ማጥፋትም እኮ አቅም ይጠይቃል።»

ሴትየዋ የአሮጌ እሽቅድምድም መኪናዎችን ማንነት አጣሪ ናት። አንዱ ከዘመዱ መጋዘን ዝገት የበላው ነገር ያወጣና «ይቺ እኮ ያንን ትልቁን ውድድር ያሸነፈችው ናት» ይላል። እሷ ባትሪዋን ይዛ ከሥር ትገባለች፣ ቀለም ትፍቃለች፣ ላሜራውን በጣቷ ታንኳኳለች፣ ከዚያ ወጥታ ልብሷን እያራገፈች «አይደለችም» ትላለች። አብዛኛውን ጊዜ አይደለችም። ወንበር ላይ ከምትቀመጠው ይልቅ መኪና ሥር የምትተኛው ስለሚበልጥ ባልደረቦቿ «ሻንሲ» የሚል ስም አወጡላት፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ። እናቷ እንኳ ሲቆጧት በዚሁ ነው የሚጠሯት።

ሰው ሁሉ ሥራዋ ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር አንብቦ መውጣት ይመስለዋል። ቁጥር ግን ዓይኑን በጨው ያጠበ ውሸታም ነው። በዚያ ዘመን ሁለት መኪና የነበረው ቡድን ድንበር ሲሻገር ለአንዷ ብቻ ወረቀት ያወጣል፤ ከዚያ ቁጥሯ ያለበትን ብረት እየነቀለ ለሌላዋም ይለጥፍላታል። ብረቱ በጥድፊያ ወዲህና ወዲያ ሲመላለስ የትኛው የየትኛዋ እንደነበረ ባለቤቶቹም ይጠፋባቸዋል። እንዲህ ሆኖ ሁለት እህትማማቾች በአንድ ስም ሲጠሩ ይኖራሉ። ሻንሲ ለቁጥር ሰላምታ ትሰጠዋለች እንጂ አታምነውም።

«የስምንት ቁጥሯ ተገኘች» አሉ ጋሽ ስምንት፣ የባርኔጣቸውን ጠርዝ እያሻሹ። በወጣትነታቸው የተወዳደሩባት፣ ቅጽል ስማቸውንም ያወጣችላቸው መኪና ናት።

«ሰማሁ። ኮንትራክተሩ ዘንድ ናት አሉ።»

«አዎ። የጥርስ ሐኪሙም ዘንድ ናት።»

«ሁለት ቦታ?»

«እሱን ነው እንግዲህ ልነግርሽ የመጣሁት» አሉና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ኮንትራክተሩ ወሰደኝ። መሪዋን አስጨበጠኝ። ‹ይቺ ናት ወይ?› አለኝ። ‹ይቺ ናት› አልኩት።»

«እሺ።»

«ከዚያ ደግሞ የጥርስ ሐኪሙ ወሰደኝ።»

«ጋሼ…»

«እሱም መሪዋን አስጨበጠኝ። ለወገቤ ብሎ ትራስ አድርጎልኛል።»

«እና ‹ይቺ ናት› አልከው።»

«ትራስ ያደረገልሽን ሰው ምን ትይዋለሽ? ደግሞም ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል።»

«አንተ እኮ ሁለቱንም ባላ አናትህ ላይ ነው የተከልካቸው።»

እሁድ የድሮ ተወዳዳሪዎች ክበብ የምሥረታ በዓሉን በሰልፍ ያከብራል። የስምንት ቁጥሯ መኪና ከፊት ትወጣለች፤ መሪዋንም የሚይዙት እኚሁ ሰውዬ ናቸው። ክበቡ ከሁለቱ የትኛዋ እውነተኛ እንደሆነች እንድታጣራ ሻንሲን ለምኗል። ሊቀመንበሩ ደግሞ በዕለቱ በሰው ሁሉ ፊት ጋሽ ስምንትን «የትኛዋ ናት?» ብሎ ሊጠይቃቸው አስቧል። ሁለቱም ባለመኪናዎች በየፊናቸው ደረታቸውን ነፍተው መልሱን ይጠብቃሉ።

«ውሸታም ቢሉኝ ግድ የለኝም» አሉ ጋሽ ስምንት። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሲሉኝ ኖረዋል። ግን ያልነገርኩሽ አለ። ሁለቱም ላይ ተቀመጥኩ፤ ሁለቱንም አላወቅኋቸውም። ዓይኔን ብታስሩኝ በጠረኗ እለያታለሁ እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ አወራሁ። ይኸው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፣ ምንም አልመጣልኝም።»

እኚህ ሰው ሲዋሹ እንጂ ሲፈሩ ሻንሲ አይታ አታውቅም።

«አጣርቼ እነግርሃለሁ» አለች። «ግን ለማንም ብዬ አልዋሽም። ለአንተም ቢሆን።»

«ዋሺልኝ መች አልኩሽ? እውነቱ ትንሽ ወደኔ እንዲያደላ ብቻ አድርጊልኝ።»

የነገሩ ሁሉ መነሻ በክበቡ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትልቅ ፎቶ ነው። መኪናዋ ከበስተኋላዋ ትታያለች። ግራና ቀኝ አንድ አንድ የጭስ ማውጫ፣ መሐሉ ላይ ትልቅ ስምንት ቁጥር፣ በግራ በኩል የኋላ ፓራፋንጎዋ ላይ ደግሞ የሾርባ ሳህን የሚያክል ስርጉድ። ወጣቱ ጋሽ ስምንት ጅራቷ ላይ ቂብ ብለዋል። ቆብ ደፍተው፣ የቆዳ ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ሰውነታቸው ወንበሩንም መሪውንም ሸፍኖታል። የመኪናዋ ሌላ ፎቶ የለም። ስለ እሷ የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ፎቶ ነው።

ስለ ስርጉዱ ጋሽ ስምንት አንድ ታሪክ አላቸው። በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ የዘመኑ ሻምፒዮን ሊያልፉት ሲሉ ቀንቶ በጎማው ገጫቸው። ፎቶው የተነሳው ውድድሩ እንዳለቀ፣ ሞተሩ ገና ሳይበርድ ነው። ታሪኩ በተነገረ ቁጥር የሻምፒዮኑ ፍጥነት ይጨምራል፤ አሁን አሁንማ አውሮፕላን ሊሆን ምንም አልቀረው።

ስለ ኮቱ ደግሞ ክበቡ ሌላ ታሪክ አለው። የክበቡ ሊቀመንበር ልብስ ሰፊ ነው፤ ምላሱ ከመርፌው ይብሳል። ከዕለታት አንድ ቀን ፎቶው ሥር ቆሞ «ጎበዝ፣ ይሄ ኮት የሴት ነው» አለ። የወንድ ኮት ሲቆለፍ የግራው በቀኙ ላይ ይደረባል፣ የሴት ደግሞ የቀኙ በግራው ላይ። የጋሽ ስምንት ኮት የቀኙ በግራው ላይ ነው የተደረበው። «የእህቱን ኮት ለብሶ ነው የተወዳደረው!» ተባለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጋሽ ስምንት አዳራሹ ውስጥ በገቡ ቁጥር «ዛሬስ የማንን ለበስክ?» የማይላቸው የለም። እሳቸው «የወንድ ኮት ነው፣ ቤቴ አለ፣ ኑና እዩ» እያሉ ይምላሉ። ሳቁ እንዳይበላሽበት ነው መሰል፣ ሄዶ ያየ ሰው የለም።

ቀልዱ የደረሰባቸው ሌላዋ ሰው የሻንሲ እናት ናቸው፤ የጋሽ ስምንት ታላቅ እህት። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ይላሉ። የቆዳ ኮት ኖሯቸው አያውቅም። በዚህ የተነሳ ክበቡን አንድ ቀን ረግጠውት አያውቁም። ስለዚያ ውድድር ወሬ ከተነሳም ብድግ ብለው ጓዳ ይገቡና ድስት ያጋጫሉ። ሻንሲ የሚያናድዳቸው ኮቱ ብቻ ይመስላት ነበር።

መጀመሪያ ኮንትራክተሩ ዘንድ ሄደች። ሰውየው ለመኪናዋ ብቻ ብሎ አንድ ክፍል አሠርቶ ጣራውን በመብራት ሞልቶታል። ሕንፃ እንደሚያስመርቅ ሰው ጨርቁን በሁለት እጁ ገፈፈው።

«ወይዘሮ ሻንሲ፣ እስቲ ስርጉዷን ይዩልኝ። ከፎቶው ጋር በሴንቲሜትር ለክቼዋለሁ። ያደሱልኝ ሰዎች ‹እንዳለች ነው የተውናት› ብለውኛል።»

ስርጉዱ በግራ በኩል አለ። ስፋቱ፣ ጥልቀቱ፣ ከላይ ያለችው ትንሽ እጥፋት ሳትቀር ልክ እንደ ፎቶው ነው። ሻንሲ ከመኪናዋ ሥር ገብታ በባትሪዋ የስርጉዱን ዙሪያ አበራች። ለረጅም ጊዜ አልወጣችም። አንድ ነገር ሲገጭ ላሜራ በአንድ ጊዜ ነው የሚገባው። ይሄኛው ግን በክብ መዶሻ ጠብ ጠብ እየተደረገ፣ እየታየ፣ እንደገና ጠብ እየተደረገ የወረደ ነው። የሠራው ባትላሜራ ፎቶውን ከፊቱ ሰቅሎ ሳይሆን አይቀርም። በንዴት የመጣ ስርጉድ ስንት አይታለች፤ በትዕግሥት የተሠራ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እንዴት ነው?» አለ ኮንትራክተሩ ጎንበስ ብሎ።

«ግሩም እጅ ነው» አለች። እውነቷን ነው።

የጥርስ ሐኪሙ መኪና ከክሊኒኩ ጀርባ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማለች። ተራ የሚጠብቁ ታማሚዎች በመስኮት እያዩዋት ሕመማቸውን ይረሳሉ። ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ወጣና ከመኪናዋ ፈንጠር ብሎ ቆመ፤ እንደ ኮንትራክተሩ ደረቱን አልነፋም።

መኪናዋ ስርጉድ የሚባል ነገር የላትም። በግራም በቀኝም ልስልስ ያለች ናት። ሻንሲ በግራ በኩል ጀምራ በጣቷ መገጣጠሚያ አንኳኳች። ቃ፣ ቃ፣ ቃ አለ። ወደ ቀኝ ዞረች። ቃ፣ ቃ፣ ዱፍ።

ቆመች። እንደገና አንኳኳች። ዱፍ።

ሐኪሙ ዓይኑን ሰበረ።

«ስቱኮ ነው» አለች።

«ስቱኮ ነው» አለ። «ስሰማት ነው የኖርኩት፣ አጠገቧ ባለፍኩ ቁጥር። ምን ላድርግ? ስትመጣ ስርጉድ ነበራት፣ ግን በቀኝ በኩል ነው። መጀመሪያ ክበቡ ግቢ ያመጣኋት ቀን ፎቶውን እያዩ ተሳለቁብኝ። ‹ስርጉዷ ጎን ስታለች› አሉኝ። አፍሬ ሞላሁት።»

«ራስህ?»

«እኔ ጉድጓድ አይቼ ዝም ማለት አልችልም።»

ሻንሲ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወጣች፤ መንገድ ላይ ግን ሳቁ ጠፋ። የግራው ስርጉድ የተሠራ ነው፣ የቀኙ ግን በስቱኮ የተቀበረ እውነተኛ ነው። ፎቶው ደግሞ ግራ ይላል። ፎቶ እንዴት ይሟገታል? የሐኪሙ ናት ብትል ግድግዳውን እያሳዩ ይስቁባታል። የኮንትራክተሩ ናት ብትል በመዶሻ የተሠራውን እያወቀች ልትምል ነው። ምንም ባትል ደግሞ አጎቷ እሁድ ሁለት ሰው ፊት ቆመው የሚይዙት የሚጨብጡት ያጣሉ።

ወደ አዳራሹ ሄዳ ፎቶው ሥር ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሲያዩት የኖሩትን ነገር ማየት ከባድ ነው፤ ዓይን ያውቀዋል ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ መኪናዋን ትታ ሰውየውን አየች። ፊታቸው ንጹሕ ነው። ኮታቸው ላይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት የለችም። ጎማዎቹም ታጥበዋል። በዚያን ጊዜ ጥርጊያ መንገድ ቀኑን ሙሉ ነድቶ እንዲህ የሚወጣ ሰው የለም። ይህ ፎቶ የተነሳው ከውድድሩ በፊት ነው። ስርጉዱም ከውድድሩ በፊት ነበረ ማለት ነው።

«ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» አለች ለራሷ፣ ወደ አጎቷ ቤት እየተጣደፈች።

ጋሽ ስምንት አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጥፍራቸውን ይሞርዱ ነበር።

«ጋሼ፣ ፎቶው ከውድድሩ በፊት ነው የተነሳው?»

«በፊት ይሁን በኋላ… ታጥቤ ይሆናላ።»

«ጎማዎቹም ታጥበው?»

«ንጹሕ ሰው ነኝ።»

«ሻምፒዮኑ ገጭቶሃል ወይስ አልገጨህም?»

አጎቷ ሞረዱን አስቀመጡ። «ሲያስበው ሳይኖር አይቀርም» አሉ።

ከዚህ በላይ ብትጨምቃቸው ጠብ የሚል የለም። እንዲያው ለመሄድ ስትነሳ «እስቲ ኮቱን አሳየኝ» አለቻቸው።

እንዲህ ፈጥነው ሲነሱ አይታቸው አታውቅም። ሽማግሌው ዘለው ቁምሳጥኑን ከፈቱ። «በመጨረሻ አንድ ሰው!» እያሉ ኮቱን ከላስቲክ ውስጥ አወጡ፤ ለብሰውም ከቁምሳጥኑ መስታወት ፊት ቆመው ከታች ወደ ላይ ቆለፉት። ቆዳው ሆዳቸው ላይ ተወጠረ። ሻንሲ ከኋላቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መስታወቱን ታያለች።

መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰው የሴት ኮት ለብሷል። የቀኙ በግራው ላይ ተደርቧል። ልክ እንደ ፎቶው።

«እስቲ ወደኔ ዙር» አለች።

ዞሩ። የግራው በቀኙ ላይ ነው። የወንድ ኮት።

ያኔ ገባት፤ ሳቋም አመለጣት፣ አልጋው ላይ እስክትወድቅ ድረስ። ፎቶ አንሺው ፊልሙን ገልብጦ አጥቦታል። ቁጥሩ ሰባት ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር። ስምንት ግን በየትም ገልብጠው ቢያዩት ያው ስምንት ነው። ግራው ቀኝ ሆኖ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ግድግዳ ላይ ሲኖር፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው በኮቱ ሲስቅ እንጂ ለምን ብሎ ሲጠይቅ አልተገኘም።

«ምን አየሽ?» አሉ ጋሽ ስምንት፣ በስጋት።

«የሴት ኮት» አለች እንባዋን እየጠረገች። «እሁድ ይህን ለብሰህ ና። ሲጠይቁህ እውነቱን ተናገር። የቀረውን ለኔ ተወው።»

ከዚያ እናቷ ዘንድ ሄደች። «እማዬ፣ እሁድ ክበቡ ትመጫለሽ። ኮቱ ያንቺ እንዳልሆነ በአደባባይ ይነገራል።»

እናቷ ወደ ጓዳ አልሄዱም። «ስለ መኪናዋም ይነገራል?» አሉ።

«ይነገራል።»

«እንግዲያው እመጣለሁ።»

እሁድ የክበቡ ግቢ ጢም ብሎ ሞላ። ሁለቱ መኪናዎች ጎን ለጎን፣ ጅራታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው ቆሙ። ፎቶውንም ከግድግዳው አውርደው በመሐላቸው ወንበር ላይ አቆሙት። የሻንሲ እናት በከዘራቸው ተደግፈው መጥተው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ስምንት ኮታቸውን ለብሰው ሲገቡ ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተንጫጫ።

ልብስ ሰፊው ሊቀመንበር እጁን አነሳ። «ጋሽ ስምንት፣ የእህትዎን ኮት ይዘው መምጣትዎ ደግ ነው። አሁን ይንገሩን፤ የትኛዋ ናት?»

ኮንትራክተሩ ፈገግ አለ። የጥርስ ሐኪሙ ጫማውን አየ።

ጋሽ ስምንት ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ለሁለቱም ‹ይቺ ናት› ብያለሁ» አሉ። «ዋሽቻለሁ። ሁለቱንም አላወቅኋቸውም። ይህንን ፎቶ ስንት ዓመት እያየሁ ሳወራ ኖሬ፣ አሁን የማስታውሰው ፎቶውን ነው፤ መኪናዋን አይደለም።»

አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ጀመረና ተወው። ሻንሲ ብድግ አለች።

«ሊቀመንበር፣ ከመኪናዋ በፊት ኮቱን እንጨርስ። እዚህ ካለነው ኮት የሚያውቅ አንተ ነህ። እስቲ ቀርበህ ፍረድ።»

ልብስ ሰፊው እየተጀነነ ቀረበ። ኮቱን ዳሰሰ። አንገትጌውን ገለበጠ። ቁልፎቹን አየ፣ እንደገና አየ፣ ወደ ፎቶው ዞረ፣ ወደ ኮቱ ተመለሰ።

«ታዲያስ?» አለች ሻንሲ።

«የወንድ ነው» አለ፣ ኮቱን ለቆ።

«ያው ኮት ነው?»

«ያው ነው። ክንዱ ላይ የተጣፈችውም እራፊ እዚያ ፎቶው ላይ አለች… በሌላኛው ክንድ።»

ነገሩ ለግቢው ቀስ እያለ ገባው። መጀመሪያ ከፊት ረድፍ አንዱ «ፎቶው ተገልብጧል!» አለ፤ ከዚያ ሁሉም ቀኝ እጁንና ግራ እጁን ማየት ጀመረ። ጋሽ ስምንት አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ያን ያህል ዓመት የተሳቀበት ኮት በአንዴ አዲስ ሆነባቸው።

ኮንትራክተሩ ወደ መኪናው ግራ ጎን አየ፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ታዲያ የኔዋ ስርጉድ…»

«የተገለበጠውን ፎቶ እያዩ በመዶሻ የሠሩት ነው» አለች ሻንሲ፣ ድምፏን አለስልሳ። «በጣም የሚያምር ሥራ ነው። እርስዎም ተታልለዋል እንጂ አላታለሉም። ቡድኑ ሁለት መኪና ነበረው፤ ይቺ የዚያችው እህት ናት።»

ወደ ጥርስ ሐኪሙ ዞረች። ሐኪሙ ምን እንደሚጠበቅበት ገብቶታል። ከኪሱ አንዲት ቀጭን መሣሪያ አወጣ፤ በቀኝ በኩል ተንበርክኮም ስቱኮውን መፈልፈል ያዘ። «ማደንዘዣ አትሰጣትም?» አለ ከኋላ አንዱ። ስቱኮው እየተቀረፈ ወደቀ፣ ስርጉዱም ብቅ አለ። ስፋቱ የሾርባ ሳህን፣ ከላይ ትንሽ እጥፋት። መሐሉ ላይ ደግሞ ከፎቶው ርቀት የማትታይ፣ ኮንትራክተሩም ያላስቀረጻት አንዲት ግማሽ ጨረቃ ላሜራው ላይ በርትታ ታትማለች።

ሻንሲ በጣቷ ነካቻት። የጫማ ተረከዝ ናት። ትንሽ፣ የሴት ተረከዝ።

ጋሽ ስምንት ጎንበስ ብለው አዩ። ባርኔጣቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ይቺን አውቃታለሁ» አሉ በሹክሹክታ። ስለዚያች መኪና ያለ ጉራ ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«የሻምፒዮኑ ጎማ ይሄ ነው?» አለ ልብስ ሰፊው፣ እድሏን እንዳያሳልፋት ብሎ።

ከመጨረሻው ረድፍ የከዘራ ድምፅ መጣ። ሰው መንገድ ለቀቀ። የሻንሲ እናት ቀስ ብለው እስከ መኪናዋ ደረሱና ስርጉዱን እንደ ልጅ ፊት ዳበስ አደረጉት።

«ሻምፒዮን ያልከኝ እኔን ነው?» አሉ ወንድማቸውን።

«እትዬ…»

«ለውድድሩ መንገዱን አብረን ነው ያጠናነው» አሉ፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «መታጠፊያውን ሁሉ የያዝኩት እኔ ነኝ። እሱ ይነዳል፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ እነግረዋለሁ። እንዲህ ነበር የተባባልነው። በውድድሩ ዕለት ጠዋት ለብሼ ተጫምቼ ስወጣ ቦታዬ ላይ የአሸዋ ከረጢት ተቀምጧል። ክብደቷ እንዳይዛባ ነው አለኝ። ሴት አስከትሎ መጣ እንዳይሉት ፈርቶ፣ በእኔ ቦታ አሸዋ ጫነ!»

«ጅል ነበርኩ፣ እትዬ።»

«አሸዋው መታጠፊያውን ነገረህ?»

«አልነገረኝም።»

«ስንተኛ ወጣህ?»

«ሁለተኛ» አሉ ጋሽ ስምንት፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ልብስ ሰፊው እንኳ እንባው መጣ። ጋሽ ስምንትም ሳቁ፤ ሲስቁ ዓይናቸው ሞላ። ሻምፒዮኑን የፈጠሩት እህታቸውን ከታሪኩ ለማውጣት ነበር፤ ታዲያ እህታቸው ሲወጡ መኪናዋም አብራ ከትዝታቸው ወጣች። ሻንሲ ፓራፋንጎውን ይዛ ቆማ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የማታውቃቸው ሰዎች በብረት ላይ የተዉትን ምልክት ስትፈልግ ኖራ፣ የገዛ እናቷን ተረከዝ እዚህ አገኘችው። ደስታዋን የት እንደምታደርገው አጣች።

የሰልፉ ሰዓት ደረሰ። የጥርስ ሐኪሙ ቁልፉን አቀበለ። ጋሽ ስምንት ከመሪው ኋላ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ዘርግተው አንዴ ዙሪያዋን ዳሰሱ። ከዚያ ከወገባቸው ትራሱን አወጡና አጠገባቸው ባለው ባዶ ወንበር ላይ አመቻችተው አስቀመጡት፤ ትንሿንም በር ከውስጥ ከፈቱ።

«እትዬ፣ ግቢ።»

እናትየው ለመግባት ጊዜ ወሰዱ። ከዘራቸውን በጉልበቶቻቸው መሐል አቆሙ፣ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ፣ መንገዱን አዩ። ሞተሩ ሲነሳ ወደ ወንድማቸው ሳይዞሩ እንዲህ አሉ፦

«መታጠፊያ ስነግርህ ስማ። አሁንም ጥለኸኝ ብትሄድ፣ ግራ ጎኗ ገና ንጹሕ ነው።»